ሳይሞቅ የተከፈተው ብልቃጥ

የምርምር ተቋሙ ባልደረቦች «አባ ደቃቅ» የሚሉት ሰው ትጉህ አይደለም፤ ትጉህ መስሎ መታየትን ግን ተክኖበታል። ሥራው ከፖሊመር ደቃቅ እንክብሎችን መሥራት ነው፤ በዓይን ሲያዩዋቸው ነጭ ዱቄት፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋቸው ድቡልቡል ኳሶች። መድኃኒት አዝለው ወደ ሰውነት ይገባሉ፤ እርጥበት ቀስ በቀስ ሲበላቸው መድኃኒቱን ይለቃሉ፤ በመጨረሻም ሟሙተው ይጠፋሉ። ስለዚህ እስከሚወጉበት ቀን ድረስ እርጥበት ሳይነካቸው፣ በብልቃጥ ታሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለባቸው።

አንዱን ብልቃጥ የሠራው ለእህቱ ልጅ ነበር። ልጅቷ የተጎዳ ነርቭ ስለሚያገግምበት መንገድ ስታጠና ቆይታ፣ የመጨረሻውን ሙከራ በጥንቸሎች ላይ የምታደርገው በዚሁ ዱቄት ነው። ሙከራው ከከሸፈ ምረቃዋ ቀረ ማለት ነው። የማቀዝቀዣው ቁልፍ ግን በአጎቷ ኪስ ነው።

አባ ደቃቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ብልቃጡን ያወጣል። ከብርድ የወጣ ብልቃጥ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ካልተጠበቀ፣ ክዳኑ እንደተነሣ የአየሩ እርጥበት በዱቄቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ይህን ለተማሪዎች የሚያስተምረው ራሱ ነው፤ እንግዳ ፊት ቆሞ መጠበቅ ግን ለክብሩ አይመጥንም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይሙቅ እንጂ!» አለችው የእህቱ ልጅ አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ትናንት ንፍጥሽን የጠረግሁልሽ ልጅ፣ ዛሬ እኔን ታርሚኛለሽ?»

እንግዶቹ ሳቁ። ክዳኑን ከፈተው።

በሙከራው ቀን፣ ፈታኞቹ ቆመው እያዩ፣ ልጅቷ ዱቄቱን በፈሳሽ በጥብጣ ልትወጋ ስትል መርፌው ተደፈነ። ለወጠችው፤ ሁለተኛውም ተደፈነ።

«ይሄን መርፌ ደግሞ ከየት ነው ያመጣሽው?» አለ አባ ደቃቅ፣ ፈታኞቹ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

ልጅቷ ከፈሳሹ ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፑ ሥር አኖረችና ወንበሩን ለቀቀችለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ኳስ የሚባል አልነበረም፤ እርጥበት እንደነካው ስኳር እርስ በርሱ የተጣበቀ ጓል ብቻ። ኅሊና ያለው ሰው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ልጅቷን ባዳናት ነበር። እሱ መሐረቡን አወጣና «ሌንሱ ቆሽሿል» እያለ ይወለውል ጀመር። ፈታኞቹ ሙከራው እንደከሸፈ መዝግበው ወጡ።

ልጅቷ ጥንቸሎቹን ወደየሣጥናቸው መለሰች።

«ከእንግዲህ ዱቄቱን ራሴ እሠራለሁ፣ ዶክተር» አለችው።

አፏን ከፈታች ጀምሮ «ጋሼ» ሳትለው ስትቀር ያ የመጀመሪያው ነበር። እሱ የሰማው «ዶክተር» የሚለውን ብቻ ነው፤ ደስም ሳይለው አልቀረም። በማግስቱ እንግዶች በሩን ሲያንኳኩ፣ ፊቱን አፍክቶ፣ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ።