በክብ የተፈረመው ወረቀት

ዛሬ ቀትር ላይ አምስት የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለው ሱቄ ገቡ። ወረቀት ገዝተው ባንኮኒዬ ላይ ትልቅ ክብ ሣሉበት።

የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው። ዙሪያውን ከፈረሙ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አለቃቸው ለይቶ የሚያባርረው ሰው ያጣል።

ብልሃቱን ወደድኩት። ግን ነጋዴ ነኝና የጽሑፍ ማስረጃን ዋጋ አውቃለሁ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አዲሱ የጃንሆይ አዋጅ በማኅበር ምክንያት ማባረርን ይከለክላል» አልኳቸው። «ነገ አለቃችሁ መሪያችሁን በሌላ ሰበብ ቢያባርር፣ መሪ እንደነበረ በምን ታስረዳላችሁ?»

ሁሉም ከመካከላቸው ያለችውን ሙሚናን አዩ። ነገሩን የጠነሰሰችው እሷ ናት፤ የሦስት ልጆች እናት።

«አቦ ጋሼ፣ አዋጁ ልጆቼን ያበላልኛል?»

«እሱን አላውቅም።»

ሳቀችና ሌላ ወረቀት ጠየቀች። ከላይ «ሊቀ መንበር» ብላ ስሟን ጻፈች።

«ቀድመሽ ከተባረርሽ ለእኛም ሥራ ፈልጊልን!» አላት አንዱ።

«ወሬኛ! ይልቅ ፈርም።»

ፈርመው ከወጡ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ለሁለት ደንበኞች የጠየቁኝን ትቼ ሌላ ዕቃ አወረድኩላቸው። ምክሬ ትክክል ነው፤ ነገ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ የምትቆመው ግን እሷ ናት።

ወዳጆቼ፣ በእናንተ መሥሪያ ቤት ስሙን ከላይ የጻፈ ሰው ነበር? በማግስቱ ሥራው ላይ አገኛችሁት?