ሰባት ሕፃን ለሁለት እጅ

አክስቴ ስለ ፍቅር ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። ባሏ የሞተ ዕለት እንኳ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ «በቃ፣ ተገላገለ» ነው ያለችው። ስለዚህ በመንግሥት የሦስት ዓመት ዕቅድ ሠላሳ አንደኛ ገጽ ላይ፣ ከፎቶዋ ሥር፣ «አንዲት ሞግዚት ሰባት ሕፃናትን በብቃት መንከባከብ ትችላለች፤ ዋናው ፍቅር ነው» የሚል ቃል ታትሞ ሳነብላት መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር።

እሷ አልሳቀችም። «ማን ነው ያለው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ ይላል፣ እትዬ።»

«እኔ?» አለችና መጽሐፉን ነጠቀችኝ። መነጽሯን ፈልጋ አጣች፤ ዓይኗን አጥብባ ፎቶውን ብቻ አየች። «አፌን ምን ያስከፍተኛል?»

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ ጡሩንባ ነው የሚላት። አንድ ልጅ ወደ በሩ ሲያዘግም ከጓሮ ሆና ስትጠራው ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ጫማ ጠጋኝ ቀና ይላል። ሕፃን መያዝ የተማረችው በትምህርት አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ፣ የሕፃናት ክፍል ጽዳት ነበረች፤ ነርሶቹ ሥራ ሲበዛባቸው የሚያለቅሰውን ሁሉ መወልወያ ለያዘችው ሴት እየሰጡ ይሮጡ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። ጽዳቱ ለኮንትራት ድርጅት ሲሰጥ ተሰናበተች፤ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ጀርባ ሦስት ክፍልና አንድ ሲሚንቶ ጓሮ ያለው ቤት ተከራይታ የሕፃናት ማቆያ ከፈተች። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ሳጣ «ነይ፣ ቢያንስ ሰው ትሆኛለሽ» ብላ አስጠጋችኝ። አራት ነን። ሁለታችን ትልልቆቹን ጓሮ እንይዛለን፤ እሷና አንዲት ጓደኛችን ደግሞ ዓመት ያልሞላቸውን ሰባት ሕፃናት። ደንቡ ለአንዲት ሞግዚት ከአራት ሕፃን አይበልጥም ይል ነበር፤ እሷም ደንቡ ከመኖሩ በፊት ጀምሮ አራት ነው የምትለው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ እናቶች መንግሥት ይደጉማል። እናትየው ሥራ እንዳላት የሚያስረዳ ደብዳቤ በየሦስት ወሩ ማምጣት አለባት። ሥራ እንዳላት ለማስረዳት ከሥራ ታስፈቅዳለች ማለት ነው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት የት ተሸሽጎ እንደሚኖር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ዕቅዱን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ባለሙያ የመጣ ቀን ከአራታችን ሁለቱ አልነበሩም። አንደኛዋ ልጇ ታሞባት ቀርታለች፤ ሌላዋ፣ የሕፃናት ክፍሏ ማለት ነው፣ ግዴታ ነው የተባለ የጥራት ሥልጠና ላይ ነበረች። ስለ ጥራት ልትማር ስትሄድ፣ እኔም ጓሮ ትልልቆቹን ስይዝ፣ አክስቴ ከሰባት ሕፃን ጋር ብቻዋን ቀረች። ባለሙያው ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሕፃናት በሚድኹበት ምንጣፍ ላይ ከነጫማው ገባና የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጦ ታብሌቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«እናቴ፣ አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን መያዝ ትችላለች ይላሉ?»

«ሁለት እጅ ነው ያለኝ። ቁጠረው።»

«አሁን ግን ሰባት ይዘዋል።»

«ምን ላድርግ፣ ልጣላቸው?»

«እና እንዴት ቻሉት?»

«አልቻልኩም። ያቺን እያት፣ ከጠዋት ጀምሮ ያነሣት የለም። ደግሞ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል!»

«በሩን» ስትል ነው ፎቶ ያነሣት። አፏን ከፍታ፣ ሕፃን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፎቶው ላይ ከልቧ የምትስቅ ትመስላለች። በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ዕቅዱን ያመጣችልን መሥሪያ ቤቱን የምታጸዳ እናት ናት፤ የምሥራች ይዛ የመጣች መስሏት ነበር። በሳምንቱ ሰፈሩ ጉዱን ሰማ። ጫማ ጠጋኙ አክስቴ ስታልፍ «ዋናው ፍቅር ነው!» ይላታል። «አፍንጫህን ላስ» ትለዋለች። ግን ያንገበገባት ቀልዱ አልነበረም። ሠላሳ አንደኛው ገጽ የሚናገረው ደንቡ ከአራት ወደ ሰባት ከፍ ስለማለቱ ነው፤ ምስክሯ ደግሞ እሷ ሆና ቁጭ ብላለች።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሁለቴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። በሦስተኛው የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ፊት ቀረብን። ከኋላው ያለፉት ዓመታት ዕቅዶች በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ተደርድረዋል፤ ጥራዛቸው እንኳ አልተገለጠም። ግድግዳው ላይ ሕፃን የሣለው ሥዕል በፍሬም ተሰቅሏል። አክስቴ ትክ ብላ አየችውና «ተገልብጧል» አለች። «ፀሐይዋ ታች ናት።»

ኃላፊው ዞሮም አላየ። «እማማ፣ ደስ ሊልዎት ይገባል! የሕዝብ ድምፅ ሆነዋል እኮ።»

«ያላልኩትን ነው የጻፋችሁት።»

«ቃል በቃል ላይሆን ይችላል። እኛ መንፈሱን ነው የወሰድነው።»

«መንፈሴን ይተዉት። ቃሌን ይመልሱልኝ።»

ሳቀ። ባለሙያውንም አስጠራው። ልጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባና «ሰባት ይዘው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

«እሺ፣ ፍቅሩንስ ከየት አመጣኸው?»

«ከፊትዎ ላይ ይነበባል።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየና፣ ዕቅዱ ገና ረቂቅ እንደሆነ፣ ማክሰኞ የሕዝብ ውይይት እንዳለ፣ ሐሳቧን እዚያ ልታቀርብ እንደምትችል አስረድቶ ሸኘን።

ውይይቱ ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነበር። ልጆቹን ለሁለቱ ጓደኞቻችን ጥለን ሄድን። ከእናቶቹ አንዷም መምጣት አልቻለችም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፣ አብዛኞቹም ማሽን ላይ፤ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ለሽንትም በስንት ልመና ነው የሚያስወጣቸው። አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቅኳት።

«ኧረ እኔ ከንብረት ክፍል ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «ወንበር ሙሉ ተብለን ነው። ስብሰባው ስለምንድን ነው?»

ኃላፊው ስክሪን ላይ እያሳየ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ጥራት የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነሣው እንጃ፤ ሕፃን የሚለውን ግን ሁለቴ። ከዚያ ለአስተያየት ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ተፈቀደ። አክስቴ ተነሣች። ሌሊት ስታጠናው ያደረችው ንግግር ነበራት፤ ረሳችው መሰለኝ፣ አልተናገረችውም።

«እኔ እዚህ መጽሐፍ ላይ ያለሁት ሴትዮ ነኝ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ቤቱ እሳት ተነሣበት እንበል። ሰባት ሕፃን አለኝ፤ አንዳቸውም አይራመዱም። ሁለት ይዤ እወጣለሁ። የትኞቹን አምስት እንደምተዋቸው አሁን ንገሩኝና ልሂድ።»

የንብረት ክፍሏ ሴት የውኃ ጠርሙሷን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው» አለ ኃላፊው። «እንደ ግብዓት ወስደነዋል። ቀጣይ።»

«ግብዓት አይደለም፣ ጥያቄ ነው። አምስቱን ንገረኝ።» እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

ማይክሮፎኑን አጠፉባት። ለእሷ ማጥፋት ምን ይጠቅማል? «አምስቱን ንገረኝ!» ስትል መስኮቱ ሁሉ የተርገፈገፈ መሰለኝ። አንዲት አስተናጋጅ መጥታ በትሕትና ክንዷን ያዘቻት፤ «ይቅርብሽ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ብላት በራሷ እግር ወጣች። ደረጃው ላይ ስንደርስ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እነዚህንም እኮ» አለች ወደ አዳራሹ እያየች፣ «አንድ ሰው አዝሏቸዋል።»

ቃለ ጉባኤው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰን። «አንዲት ተሳታፊ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ እጥረት መኖሩን አንሥተው፣ ለሁሉም ማቆያዎች እንዲሟላ አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ማጥፊያ በመኪና መጣልን። እስከ ዛሬ ቃል ገብተው የፈጸሙት እሱን ብቻ ነው። ሁለት ሰው ለፊርማ፣ አንድ ሰው ለመስቀል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሲሰቀል ለማየት መጡ። ለአንድ ማጥፊያ አራት ሰው!

ዕቅዱ ሲጸድቅ ሰባቱ እንዳለ ጸደቀ። የአክስቴ ፎቶ ወጥቷል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ከነፍቅሩ የሌላ ማቆያ ሞግዚት ፎቶ ሥር ተዛውሯል። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። «ኧረ እኔም አላልኩም» አለችኝ እየሳቀች። «ፎቶው ግን አምሮብኛል፣ አይደል?»

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስቅ አይደለም። ድጎማው በአዲሱ ቁጥር ሆነ፤ ለሰባት ሕፃን ደሞዟ የሚታሰብልን አንዲት ሞግዚት ብቻ። ሠልጥና የመጣችው ጓደኛችን፣ ከመካከላችን የጥራት ሰርተፊኬት ያላት እሷ ብቻ፣ አክስቴን «ሂጂ» ማለት ሲያሳፍራት፣ ራሷ «እኔ ልሂድ» ብላ ፋብሪካው ገባች። አሁን ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች።

«በቃ ሰባቱን እንያዛቸው፣ እትዬ» አልኳት። «እኔም ከጓሮ እየተመላለስኩ አግዝሻለሁ።»

«ጓሮ ያሉትንስ ማን ያያቸዋል? አራት ብያለሁ፣ አራት ነው።»

ሦስት ሕፃን መመለስ ነበረብን። የሰባቱን ስም ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አለችኝና ጻፍኩላት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ወረቀቱን ይዛ ከክፍሉ አልወጣችም፤ አንዱን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሣለች። አመሻሽ ላይ ሦስት ስም አስምራበት ሰጠችኝ። ለእናቶቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ አለቀሱ። ሦስተኛዋ፣ ገበያው ዳር አትክልት የምትሸጠው፣ አላለቀሰችም። «ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው ደንብ የታያችሁ?» አለችና ልጇን አዝላ ወጣች።

ሕፃኗን ከድልድዩ ማዶ ያለው ማቆያ ተቀበላት። እዚያ አንዲት ልጃገረድ ስምንት ሕፃን ትይዛለች ይባላል፤ ግድግዳው ላይ የመሥሪያ ቤቱ አንደኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

አትክልት ሻጯ ጠዋት ጠዋት በእኛ በር ነው የምታልፈው፣ ሌላ መንገድ የላትም። ልክ እኛ ጋ ስትደርስ ወደ ማዶ ትሻገርና አንገቷን አዙራ ታልፋለች። አንድ ቀን ሰላም ልላት አፌን ስከፍት አክስቴ ከበሩ ውስጥ ሆና በእጇ ከለከለችኝ።

«ተያት» አለች፣ ያለወትሮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልክ ናት።»

ከውስጥ አንዱ ማልቀስ ጀመረ፤ ልታነሣው ገባች።