ብርድ የማይበርደው ተማሪዬ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ጉም ለብሶ ባየሁት ቁጥር መጋረጃዬን እዘጋለሁ። የምኖረው የካ ነው፤ ተራራው ከመስኮቴ አይጠፋም። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ፈለግሁም አልፈለግሁም ያን ቀን አስታውሰዋለሁ።

ሥራዬ ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ማስተማር ነው። ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ትንሽ ክፍል ተከራይቻለሁ። በዚያ ክረምት የቅዳሜ ተማሪዎቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ማርቲ ነው፤ ከፊንላንድ የመጣ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የሆነው የደን ባለሙያ። መጀመሪያ አንቱ ስለው «ዕድሜዬን አታስታውሺኝ» ብሎ ስለከለከለኝ አንተ ነበር የምለው። ሁለተኛዋ ሰልማ ናት፤ ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም የመጣች አርክቴክት፣ በዕድሜም የእኔ እኩያ።

የውጭ አገር ሰዎችን ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከየትም ይምጡ ከየት፣ በአማርኛ አፋቸውን የሚፈቱት ስለ አየር ጠባይ በማውራት ነው። ስለ ቤተሰባቸው ብትጠይቋቸው ይቆጠባሉ። ስለ ብርድና ሙቀት ከሆነ ግን ቃሉ ቢጠፋቸው እንኳ በእጃቸውም በትከሻቸውም ብለው ያስረዷችኋል። ደግሞ ሁሉም የሚያወሩት እዚህ ስላለው አየር አይደለም፤ አገራቸው ስላለው ነው።

ማርቲና ሰልማማ ጭራሽ ውድድር ይዘው ነበር። እሱ «እኛ አገር ከዜሮ በታች ሠላሳ። ቅንድብ ላይ በረዶ አለ» ይላል። እሷ «እኛ አገር አርባ አምስት። መኪና ውስጥ የተረሳ ማንኪያ እጅ ያቃጥላል» ትላለች። ሐምሌን እሱ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ እሷ በሁለት ሹራብና በአንድ ጃኬት ነበር የሚያሳልፉት። የሚስማሙት እኛን በማማት ብቻ ነው። ማርቲ ታክሲ ውስጥ መስኮት በከፈተ ቁጥር «ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ!» ተብሎ እንደሚጮኽበት እየነገረን በሳቅ ይፈርሳል። «አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው እኮ! የምን ብርድ?» ይላል።

እኔን ትንሽ ይከነክነኝ ነበር። የአገሬን ብርድ እንደ ልጅ ጨዋታ ሲያዩብኝ ደስ አይለኝም። ቢሆንም መምህር ነኝና ስሜቴን ዋጥ አድርጌ ዓረፍተ ነገሩን አርማለሁ። ማርቲ ምንም ሳይሳሳት የተናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ይህ ብርድ አይደለም» የሚል ነበር። አጨበጨብኩለት። ከዚያ በኋላማ በሆነ ባልሆነው ይላት ጀመር።

እንጦጦ የመውጣቱ ሐሳብ የእኔ ነው። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጠው ሲማሩ ቋንቋው አይለመድላቸውም፤ ስለዚህ በወር አንድ ቀን ውጭ እወስዳቸዋለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሾላ ገበያ ወስጃቸው በርበሬና ድንች ሲጠይቁ ነበር። በእነዚህ ቀናት የማላጥፈው አንድ ሕግ ነበረኝ። እንግሊዝኛ ክልክል ነው። የተሳሳተም አስተካክሎ እስኪለው ድረስ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ጥብቅ ነበርኩ፤ በጥብቅነቴም እኮራ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተገናኘን። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የክረምት ጠዋት እንዲህ ሲያምር ደግሞ አይታመንም። እኔ ጃንጥላና ወፍራም ሹራብ ይዣለሁ። ሰልማ እንደ ልማዷ ተጀቡናለች። ማርቲ ግን ሸሚዙ ላይ አንዲት ስስ ጃኬት ጣል አድርጎ መጣ።

«ላይ ይበርዳል። ወፍራም ልብስ ብትይዝ ጥሩ ነበር» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ይላል። «ይህ ብርድ አይደለም» አለኝ።

ደግሜ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ውስጥ የሠራ፣ በረዶ ላይ ያደገ ሰውዬ ነው። እኔ የከተማ ልጅ ስለ ብርድ ልመክረው? አፈርኩ። ዛሬ ሳስበው ከሚቆጩኝ ነገሮች አንዱ ይህ ማፈሬ ነው።

በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ ስንወጣ ማርቲ ግንዱን ሁሉ መታ መታ እያደረገ ከፊት ይሄዳል። እኔና ሰልማ ከኋላ እናለከልካለን። እሱም ቢሆን ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው አጣብቆበታል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ሲቀረን ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ነጎድጓድ አጓራና ሽንብራ ሽንብራ የሚያክል በረዶ ይወርድብን ጀመር። ባሕር ዛፍ መጠለያ አይሆንም፤ ጃንጥላዬም በመጀመሪያው ነፋስ ተገልብጦ ተሰበረ።

ማርቲ በደስታ ልጅ ሆነ። በረዶውን ከመሬት እየዘገነ «አገሬ መጣ! አገሬ መጣ!» ይላል። ሰልማ ግን ሹራቦቿ ውሃ ጠጥተው ጥርሷ ይንገጫገጫል። ማርቲ አያትና ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። እምቢ ብትለውም አልሰማትም። እውነቱን ለመናገር ያኔ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው አልኩ። በሸሚዝ ብቻ መቅረቱ ትዝም አላለኝ።

በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ዝናቡ አንድ ሰዓት ያህል አልተወንም፤ አንዴ ዛፍ ሥር እየቆምን፣ አንዴ በጭቃው እየተንሸራተትን ተጓዝን። ሲያባራ ደግሞ ጉሙ መጣ። ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም። ነፋሱ በእርጥብ ልብሳችን ላይ ሲነፍስ አጥንት ይሰብራል። ሰልማ ኮፍያዋን ደፍታ ከፊት ትሄዳለች፣ እኔ መሃል ነኝ፣ ማርቲ ከኋላዬ። ሲመራን የነበረው ሰውዬ መቼ ወደ ኋላ እንደቀረ አላስተዋልኩም።

ወሬውን አቁሟል። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። «ደህና አልመሰለኝም፣ እግሬ…» የሚል ነገር ነበር። ዞሬ እንኳ ሳላየው ጣቴን ወደ ላይ አነሳሁና «በአማርኛ!» አልኩት።

 ቃሉን እየፈለገ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። በመጨረሻ «ደህና ነኝ» አለ፤ ግን ምላሱ ተሳስሮ ቃሉን ጨፈላለቀው። አስደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ሦስተኛም አስደገምኩት። ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ፤ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነው።

ከዚያ ፈገግ አለና «ሞቀኝ» አለ። የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት ጨምድዶ ጎተተውና ቁልፎቹ ተበጣጠሱ። ሰልማ ዞር ብላ አይታው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስምንት ወር ሙሉ የሰማነው ቀልድ ነዋ! የበረዶ አገር ሰው የእንጦጦን ብርድ ንቆ ሸሚዙን ሊያወልቅ ነው።

«ጎበዝ!» አልኩት።

«አንቺ! አንቺ ልጅ! ምን ያስቅሻል?» የሚል የሴት ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ጮኸብኝ።

መንገዱ ዳር በላስቲክ የተከለለች ትንሽ መደብ ነበረች። የጮኹብኝ፣ ራጉኤልን ሊሳለሙ ለሚመጡ ሰዎች ጧፍ የሚሸጡ፣ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው እየሮጡ መጡና ማርቲን አንገቱ ሥር ዳሰሱት።

«ይሄ ሰው ሊሞት ነው» አሉ።

«አይ እማማ፣ ቀልዱን ነው። አገሩ ብርድ ስለሆነ አይበርደውም» አልኳቸው።

«የምን ቀልድ ነው! ባሌ የደን ጥበቃ ነበር። በክረምት ነው የሞተብኝ፤ ስናገኘው ካፖርቱን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል። ቆፈን ውስጥ ሲገባ ሰው ሞቀኝ ይላል። ያዢው በዚያ በኩል!»

እጁን ያዝኩት። ብረት የነካሁ መሰለኝ። እኔና ሰልማ መቆም እስኪያቅተን ስንንቀጠቀጥ እሱ ፈጽሞ አይንቀጠቀጥም። ዓይኖቹን አየኋቸው፤ አላወቀኝም። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣልኩት።

ቤታቸው ከመደቡ ጀርባ ነው። ሦስት ሆነን እየጎተትን አስገባነው። ሴትዮዋ እርጥብ ልብሱን ከላዩ ላይ ገፈፉትና አልጋቸው ላይ አስተኝተው በጋቢ ጠቀለሉት፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደረቡበት። ለእኛም ደረቅ ቀሚስ ወረወሩልን። ሰልማ እግሩን ልታሸው ስትል እጇን ያዙት።

«ተይው ልጄ፣ አይታሽም። እሳትም አታስጠጉት። ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ግራና ቀኝ ሆናችሁ እቀፉት።»

አቀፍነው። የማውቀው ባለ ታክሲ ጋ ደወልኩ። መንገዱን ጉም ስለያዘው ከአርባ ደቂቃ በፊት አልደርስም አለኝ። አርባ ደቂቃ! ማርቲ በራሱ ቋንቋ ያጉተመትማል። ከማን ጋር እንደሚያወራ እግዜር ይወቅ። እኔ በእንግሊዝኛ እለምነዋለሁ። «አናግረኝ ማርቲ፣ እባክህ፣ በፈለግኸው ቋንቋ አናግረኝ» እለዋለሁ። ሰልማ በዚያ በኩል «ያ ረብ፣ ያ ረብ» እያለች ፈጣሪዋን ትጣራለች፤ የወሰደችውን ጃኬት እያየች ታለቅሳለች።

«መንቀጥቀጥ ከጀመረ ተርፏል» አሉ ሴትዮዋ።

«ካልጀመረስ?» አልኳቸው። ምድጃው ላይ የጣዱትን አጥሚት ማማሰል ቀጠሉ።

ሰው እንዲንቀጠቀጥልኝ ስለት ስሳል ያ የመጀመሪያዬ ነው። አገጩን አያለሁ፣ ከንፈሩን አያለሁ። ምንም የለም። ማጉተምተሙንም ተወው። ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዬን አፍንጫው ላይ ደቀንኩ። አለ፣ ግን በጣም ይዘገያል። አንዱ ትንፋሽ ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ የእኔም ይቆማል። ለቤተሰቡ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ይዤው ልዝናና ብዬ አባታችሁን ገደልኩት ልበል? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም።

አገጩ ነቅነቅ አለ። መስሎኝ ነው አልኩ። ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ። አልጋው እስኪንገጫገጭ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ሴትዮዋ እልልታቸውን አቀለጡት። ሰልማ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቆይቶ ማርቲ ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ ወደ እኔ አዞረና፣ በተቆራረጠ ድምፅ «በረደኝ» አለ።

በስምንት ወር ውስጥ ይህን ቃል ስለ ራሱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ፊቴን ጋቢው ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ደግሞ «አሁን ነው እንዴ የሚለቀሰው? በይ ያዢ!» ብለው የአጥሚቱን ኩባያና ማንኪያ ሰጡኝ።

ታክሲው ሲመጣ ክሊኒክ ወሰድነው። የመረመረው ሐኪም፣ ሰው በብርድ ለመሞት የግድ ከዜሮ በታች መሆን እንደሌለበት ነገረን። እርጥብ ልብስና ነፋስ ከተገናኙ ይበቃሉ አለ። በአገራቸው ደረቅ ብርድ የለመዱ ሰዎች በእርጥቡ እንደሚሸወዱም ጨመረልን። ማርቲ በማግስቱ ወደ ቤቱ ገባ። በሳምንቱ ሦስታችንም ሴትዮዋን ልናመሰግን ስንሄድ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነበር። ፀሐይ ስለነበር ሴትዮዋ እየጠቆሙ ሳቁበት። ሰልማና እሱ ወደ ውድድራቸው ተመለሱ። እኔ ግን አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ።

ማርቲ ጉሙ ከመጣ በኋላ የሆነውን አያስታውስም። እስከ አልጋው ድረስ ባዶ ነው ይላል።

በእነዚያው ቀናት ሴት ልጁ ከአገሯ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እየተቆራረጠ አመሰገነችኝ። ባትኖሪ አባቴን አጥቼው ነበር አለችኝ። ከዚያ «ግትር ነው፣ ሲያመው አይናገርም። ለአንቺም ምንም አልነገረሽም፣ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም አልነገረኝም» አልኳት።

አሁን ማርቲ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገብቷል። በየበዓሉ ይጽፍልኛል፤ «ሕይወቴን ያተረፍሽ መምህሬ» ይለኛል። ባነበብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል። ያን ሕግ ትቼዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ባሻቸው ቋንቋ ያናግሩኛል። ይህ ግን አላሳረፈኝም። ሰልማ ከፊት ስለነበረች በእንግሊዝኛ ያለኝን አልሰማችም፤ እሱ ረስቶታል። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ያዝኩት።

ነግሮኝ ነበር። ልጁ አይናገርም ያለችው ሰው፣ ያን ቀን ተናግሮ ነበር።