የዳቦ ቤቱ ግድግዳ

«አነፍናፊዋ» ስንላት አትቆጣም። የሚያፈስ የጋዝ ቧንቧ ከመንገድ ማዶ ሆና የምታገኝ ሴት ሌላ ምን ትባል? እኔ ሹፌሯ ነኝ። መኪናውን አቆማለሁ፤ እሷ የሌዘር መሣሪያዋን ታነጣጥራለች። ጨረሩ ሄዶ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል፤ መስታወት እንኳ አያግደውም። በመንገዱ ጋዝ ካገኘ ቁጥሩ ከዜሮ ይነሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቷ ግን «ልጄ ግድግዳ ላይ ባትሪ እያበራች ደመወዝ ትበላለች» እያለ ሰፈሩን ያስቃል።

አባትየው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ቤቱ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት። ግትር ነው ስላችሁ! የልጁን ምክር ከሚሰማ ምድጃው ውስጥ ቢገባ ይመርጣል። እኛም ጠዋት ጠዋት መሣሪያውን የምንፈትሸው በእሱ መስኮት በኩል ወደ ውስጡ ግድግዳ አነጣጥረን ነው። ሁልጊዜ ዜሮ ስለሆነ፣ ዜሮ ካነበበ መሣሪያው ደህና ነው ብለን እንሄዳለን።

አንድ ሰኞ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ከኋላ የተቀመጠው አለቃችን፣ «ተበላሽቷል፤ ወደ ጥገና ውሰዱት» አለ። ያ ግድግዳ መቼ ዋሽቶን ያውቃል! እሷ ግን ወደ ጎረቤቱ ፋርማሲ አዞረችው፤ ዜሮ። ወደ ጫማ ቤቱ፤ ዜሮ። ወደ ዳቦ ቤቱ ስትመልሰው ቁጥሩ ዘለለ። ወደ አለቃችን ዞረች።

«መሣሪያው ደህና ነው እኮ! ጋዙ እዚያ ውስጥ ነው!»

እሁድ አርፎ የዋለውን ምድጃ ሊለኩስ አባቷ ኪሱን ይዳብሳል፤ በመስኮቱ ይታየናል። ሽታው አይሸተውም? ኧረ ወዲያ! ሰውዬው ጉንፋን ይዞት ሰሞኑን ሲያስነጥስ ነው የከረመው።

ከመኪናው ዘላ ወረደች። «አባዬ፣ እንዳትለኩስ! ጋዝ አለ፣ ውጣ!»

«ሂጂ፣ ባትሪሽን አብሪ!» ብሎ እጁን አወናጨፈ። ክብሪቱ ተገኘ። እኔም ከመኪናው ወረድኩ።

መንገዱ መሀል ቆማ ባለ በሌለ ኃይሏ ጮኸች፦ «ሰዎች! የዚህ ቤት ዳቦ ድንጋይ ነው! እንዳትገዙ!»

ወይ ጉድ! ሰውዬው ክብሪቱን ጨብጦ፣ ሽርጡን እንዳሸረጠ እየተንደረደረ ወጣ። «ምን አልሽ አንቺ? እስቲ ድገሚው!»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች። ክብሪቱን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። አለቃችን ሮጦ የመንገዱን ቫልቭ ዘጋ። ለካ ከምድጃው ጀርባ የቧንቧው መጋጠሚያ ላልቶ ሲያፈስ አድሯል።

አሁን ሰኞ ሰኞ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ አነጣጥራ በእጇ «ግባ» ካላለችው ምድጃው አጠገብ አይደርስም። በባትሪው የሚቀልድ ሰው ቢያገኝም ይቆጣል። ባለፈው ትኩስ ዳቦ በመኪናው መስኮት አቀበለንና፣ እኔ እንዳልሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ያን ቀን ስለ ዳቦው ያልሽው... የምርሽን ነው እንዴ?»