ከኮፋኖው ስር የተለጠፈው ወረቀት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ያ የናዝሬት አቧራማ ሜዳ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

አንተ አልደረስክበትም፤ በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር። መኪና ከቆመ ሞተር ይጠፋል፤ ያላጠፋ ይሰደባል። እኔ መካኒክ ነበርኩ፣ ጓደኛዬ ሾፌር። ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን በአብዮቱ በዓል የመኪና ውድድር ካሸነፈ እንደሚያስቀረው ማለለት።

ውድድሩ በበርሜሎች መሃል እየተጠማዘዙ በሰዓት መሽቀዳደም ነበር፤ ሁለት ዙር። ለእኛ የደረሰን አንድ የውጭ ባለሙያ ትቶት የሄደው አሮጌ ባለ ቱርቦ መኪና ነው፤ ቱርቦ ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምርለት ነው። የሌሎቹ ትናንሽ መኪኖች እንደ ፍየል እጥፍ ይላሉ። የእኛ ሲረግጡት መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ያፏጭና እንደ ተወጋ በሬ ይወረወራል።

"በርሜሉን ዞረህ ሳትጨርስ ቀድመህ እርገጠው" አልኩት።

ኮፋኖውን ከፍቼ ሳይ ከስሩ ወረቀት ተለጥፏል።

"ምን አፍጥጠህ ቀረህ?" አለኝ መሪው ላይ ሆኖ።

"ወረቀት ነው።"

"ምን ይላል?"

"የዘይት ቁጥር። አንተ ዝም ብለህ ንዳ።"

ማንበብ አልችልም ነበር። ጋዜጣ በብብቴ ይዤ ስለምዞር የተማርኩ ይመስለው ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ቀደመ። "አቦ ንዳው!" እያለ ሕዝቡ ጮኸ። እንደቆመ እጄን በመስኮት ሰድጄ ሞተሩን አጠፋሁት።

"ስስታም!" ብሎ ሳቀብኝ።

በሁለተኛው ዙር ፉጨቱ ጠፋ። ሰማያዊ ጭስ ሜዳውን ሞላው። ቢረግጠው፣ ቢረግጠው መኪናው ይንፏቀቃል። መጨረሻ ወጣ።

ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቅሁ። "ሲሸነፍ እኔም እኮ አየሁት" አለኝና ሄደ።

ጓደኛዬ ከተጫነበት ካሚዮን ላይ ሆኖ፣ "ጥፋቱ የብረቱ ነው፤ ያንተ አይደለም። እሷን አደራ" አለኝ። አልተመለሰም።

ኋላ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ፊደል እንደለየሁ የሄድኩት ጋራዡ ጥግ ወደቆመው መኪና ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፦ "ሞተሩ እንደጋለ አታጥፋ። አምስት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ይሥራ፤ አለዚያ ቱርቦው ይቃጠላል።" ጥርት ያለ አማርኛ፤ የባለሙያው ሾፌር የጻፈው ይሆናል። ያኔ ብጠይቀው በመንገድ የሚያልፍ ተማሪ እንኳ ያነብልኝ ነበር፤ ያልጠየቅሁት አፍሬ ነው። ፊደል ብርሃን ነው ይሉን ነበር። ለእኔ ያበራልኝ ይኼንን ነው።

ለጓደኛዬ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። አንዳንዴ ከሥራ ወደ ቤቷ አደርሳታለሁ። በሯ ላይ ቆሜ ሞተሩን ሳላጠፋ እቀመጣለሁ።

"ጋሼ፣ ምነው አያጠፉትም? ነዳጁ እኮ ያልቃል።"

"ትንሽ ይብረድ፣ ልጄ" እላታለሁ። ሌላውን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።