የእናቲቱ ድምፅ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ እኛ የባህል ቢሮ ሠራተኞች ጠረጴዛ በጋራ በምንጠቀምበት በዚያ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ድራማ የሚቀርጹ ሰዎች መጡ። ልጇ የጠፋባትን እናት የምትጫወት ሴት ይፈልጉ ነበር። ገበያ ሲዞሩ የደረቀ ባሚያ የምትሸጥ አንዲት የበርታ ሴት አዩና ሌላ መፈለግ ተዉ።

ሲቀርጿት "በራስሽ ቋንቋ ተናገሪ" አሏት። ተናገረች፤ አለቀሰችም። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ እሷም ወደ ባሚያዋ ተመለሰች።

በኋላ ቢሮው ስልክ ተደወለ። ድራማው ለአገር አቀፉ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ታጭቷል፤ ለምርጥ ተዋናይት ሽልማትም "እናቲቱ" አለችበት። ኃላፊያችን ጠራኝና "ብቻዋን አትሄድም፤ አብረሻት ሂጂ" አለኝ።

እኔ ፓዌ ያደግሁ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ በርታኛ አልሰማም። እሷ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነው የምትናገረው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች።

"አንተ ካለ ምን እፈራለሁ?" አለችኝ አውቶቡስ ስንሳፈር።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ባምባሲን አልፈን፣ መንዲን አልፈን፣ ነቀምት እስክንደርስ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ብንዘገይስ? ብትጠፋብኝስ? እሷም አንድ ቦታ አትረጋም፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዳ "ይቀራል ወይስ ደረስን?" እያለች ሾፌሩን ትጨቀጭቃለች።

አዲስ አበባ፣ ሽልማቱ የሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ነበር ያስቀመጡን። ከፊታችን የሐር ቀሚስና ሽቶ፤ እሷ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን ቢጫ ቶቧን ተከናንባ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች።

"እትዬ፣ ኧረ ተቀመጪ፤ ሰው እያየን ነው።"

"ይየን።"

መብራቱ ጠፋና ሸራው ላይ ፊቷ መጣ። አፏ ሲከፈት ግን የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ ነበር። የጠራ፣ የከተማ አማርኛ። ክንዴን ጨመደደችኝ።

"ማነው የሚናገር?"

"ወደ አማርኛ መልሰውት ነው፣ እትዬ።"

"የእኔስ? የት ሄደ?"

ያኔ የመድረክ መሪው ወረቀቱን ገልጦ "ምርጥ ተዋናይት፣ እናቲቱን ሆና የተጫወተችው!" አለ። ስም አልጠራም። ከፊት ረድፍ አንዲት ወጣት ተዋናይት ብድግ ብላ ወጣች፤ ሽልማቱን ተቀብላ ማመስገን ስትጀምር ድምፁን ለየሁት። ያው ሸራው ላይ የሰማነው ነው።

ዞር ስል የጎኔ ወንበር ባዶ ነው። መተላለፊያው ላይ ደርሼ የቶቧን ጫፍ ያዝኩ፤ ከእጄ ሾልኮ ወጣ። አዳራሹ አጉረመረመ። እሷ መድረክ ወጣች፣ ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ ብላ በበርታኛ ጥቂት ተናገረች። ከዚያ ወደ ተዋናይቷ እየጠቆመች፣

"ድምፁ የሱ ነው" አለች። "ፊቱ የኔ ነው። እንባውም የኔ ነው።"

"የሱ" ስትል አንዳንዶች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ከመድረኩ ጀርባ ስደርስ ተዋናይቷ ሽልማቱን ወደ እሷ ዘርግታ ቆማለች።

"እናቴ፣ ለእርስዎ ነው። እኔን ድምፅሽን ስጪ ሲሉኝ የእርስዎን አጥፍተውት ነበር። ምን እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ምን ነበር ያሉት?"

"ልጄን ነው የምጠራ" አለች። "ሱዳን የሄደ፤ የቀረ። ቴሌቪዥን ብዙ ሰው ያያል፤ የሚያውቀው ሰው ቢሰማ ይነግረዋል ብዬ። እዚህም ደግሞ ጠራሁት።"

ገበያ ውስጥ ስንት ጊዜ ባሚያ የገዛኋት እኔ፣ ልጅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ተዋናይቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሷ ግን ሽልማቱን መልሳ ሰጠቻት። "አንተ ያዘው። እኔ ነገርኩ፣ በቃ።"

ዝግጅቱ በቴሌቪዥን የተላለፈው አሶሳ ከተመለስን በኋላ፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ቆመንም ተቀምጠንም ጠበቅን። ይቆርጡታል ብዬ ስለሰጋሁ ጥፍሬን ስበላ ነበር። እውነትም ቆረጡት፤ "ድምፁ የሱ ነው" ያለችው የለም። በርታኛውን ግን ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ይሆናል፣ ምስጋና መስሏቸውም ይሆናል፣ አንድ ቃል ሳይነኩ አሳለፉት። የልጇን ስም ስትጠራ የሆቴሉ ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። እሷ ከወንበሯ ተነስታ፣

"የኔ ድምፅ ሄደ፣ ወላሂ!" አለች። "አሁን ሄደ።"

ከዚያ በኋላ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ መኪና በገባ ቁጥር ከገበያው ብድግ ትል ጀመር። እኔ እስከተዛወርኩበት ጊዜ ድረስ ልጁ አልመጣም። የኩርሙክ መኪና ጡሩምባ ሲሰማ እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ እሄድ ነበር፤ መልኩን የማላውቀውን ሰው ከሚወርዱት መሃል ስፈልግ።