ለእናቴ ችሎት የቀረበ ማመልከቻ

በእኛ ቤት ጫማ የሚገዛው በማመልከቻ ነበር። አባቴ ነቀምቴ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ አንዲት የተጣጣፈች ጥላ ሥር ተቀምጦ ሠላሳ ዓመት አቤቱታ የጻፈ ሰው ስለሆነ፣ በቃል የተጠየቀውን ነገር እንደተጠየቀ አይቆጥረውም። ስለዚህ መጻፍ ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ አዲስ ጫማም ይሁን ከመዝሙር ልምምድ መቅረት፣ ሁሉንም በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። የሚቀርበው ለእናቴ ነው። እናቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች እንጂ ሕግ አልተማረችም፤ በቤታችን ግን የመጨረሻው ችሎት እሷ ነበረች፤ ይግባኝ የሚባልበትም የለም። ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተውና "ቶሌ፣ ቅዳሜ እወስናለሁ" ትላለች፤ ቶሌ በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያው ስለሚደምቅ ደስ ብሏት ወደ ቤት የምትገባው በዚያ ቀን ነው። አባቴም እኔም ይህን ስለምናውቅ በቀጠሮው ተከራክረን አናውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የመጣው ጉዳይ ግን ከጫማ ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ተማሪ ሁሉ የሚጋፋበት አንድ የሕግ ትምህርት ቤት፣ የፈተና ውጤት ከመምጣቱ በፊት ቀድመው ለሚያመለክቱ ጥቂት ቦታ እንደሚይዝ ሰማሁ። ቀድሞ ላመለከተ ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገር ግን "ከተቀበላችሁኝ ሌላ ቦታ አልሄድም" ብሎ አስቀድሞ መፈረም አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም። ዕድሜው አሥራ ስምንት ካልሞላ ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ አብሮ ይፈርማል። ቅጹ የሚዘጋው ዓርብ ነው።

መጠበቅም ይቻል ነበር። ውጤቴን አይቼ ከሌላው ሰው ጋር እኩል መወዳደር፣ ካልተሳካም እዚሁ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ ሕግ መማር እችላለሁ፤ በከኒሳ ቀሴ ከሚባለው ሰፈራችን በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ችግሩ እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው መሆኔ ነው። ባጃጅ እስኪሞላ እንኳ መጠበቅ ስለሚያንገበግበኝ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ያው ባጃጅ ጭቃ እየረጨብኝ ያልፈኛል።

ማክሰኞ ማታ ማመልከቻዬን ለችሎቱ አቀረብኩ። "ጉዳዩ፦ ለሕግ ትምህርት ቤት ቀድሞ ለማመልከት ፈቃድ ስለመጠየቅ።" እናቴ ተቀብላ አጠፈችው።

"ቶሌ፣ ቅዳሜ።"

"እማዬ፣ ዓርብ ይዘጋል እኮ።"

"ቅዳሜ አልኩ፣ ኢንተላ ኮ!" አለች። "ልጄ" ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ ስትጠራኝ ግን ክርክሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ የያዘችውን ጭልፋ ወደ አባቴ ቀሰረች። "አንተም የምትቃወም ከሆነ መልስህን በጽሑፍ አቅርብ።"

አባቴ ይቃወም ነበር። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደ ልማዴ ጥላው ሥር ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እሱም የመቃወሚያ መልሱን በቃሉ ያስጽፈኝ ጀመር። አዎ፣ በእኔ ላይ የቀረበውን መቃወሚያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው። ሁለተኛ፣ ልጅቷ ምግብ ስትሠራ ታሳርራለች። ሦስተኛ፣ ውጤት ሳይታይ መፈረም ዓይንን ጨፍኖ በሬ መግዛት ነው። እንዲህ እያለ ሄዶ ሰባተኛው ላይ "ልጅቷ ቁጡ በመሆኗ ዳኛ መዝለፏ ስለማይቀር፣ በርቀት ሆነን ልንማልድላት አንችልም" አለ። አንዳንዱ ነጥብ ላልቶ ስለታየኝ በራሴ ላይ አጠንክሬ ጻፍኩት። ሥራ ሥራ ነው።

አባቴ በቃሉ የሚያስጽፈኝ እጁ ስለደከመው አልነበረም። ዓይኑ ከድቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ "መነጽሬን ረሳሁት፣ እስቲ ይችን አንብቢልኝ" ይለኛል፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። እኔም "እሺ አባዬ" ብዬ አነባለሁ። የደንበኞቹን የፍርድ ግልባጭ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የማኅተሙን ቀን ሳይቀር የማነብለት እኔ ነበርኩ። እሱ በልማድ ይጽፋል፤ መስመሩ እየወረደ ሲሄድ እኔ እቀዳዋለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩ ቁጥር "ምን ሆንኩና?" ይለኛል። ስምንተኛው ነጥብ ይህ እንደሆነ አውቅ ነበር። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ግማሽ ልቤ አባቴ እንዲረታኝ ይፈልግ ነበር። ግማሹ ልቤ ግን ቅጹን አትሞ ደብተሬ ውስጥ ደብቆ ነበር።

አባቴ ከኪራሙ ወደ ነቀምቴ መጥቶ ይህን ሥራ ሲጀምር ለራሱ ያወጣው አንድ ሕግ አለ። ማንበብ የማይችል ሰው ሲመጣ፣ የጻፈለትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ያነብለታል። ከዚያ ግርጌው ላይ "ተነብቦልኝ ተረድቼ ፈረምኩ" ብሎ ይጽፍና ያስፈርመዋል። ሳያነብ የሚያስፈርም ጸሐፊ ለእሱ ከኪስ አውላቂ አይሻልም።

ያን ቀን እኔ ከኪስ አውላቂ አልተሻልኩም። መልሱን ጨርሼ አነበብኩለት። "ጥሩ ነው፣ ወዲህ በይ ልፈርም" ሲል ቅጹን ከደብተሬ አውጥቼ በመልሱ ቦታ አኖርኩት፤ ጣቱንም ይዤ የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ አሳረፍኩለት።

"እዚህ ጋ ነው አባዬ።"

አውራ ጣቱን በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተ። "ወረቀት ቀየርሽ እንዴ አንች?"

"ያኛው አልቆ ነው።"

"እንዴታ" አለና አጎንብሶ ፈረመ። ትንሽ ቆየ፤ ፊርማው ረጅም ስለሆነ አልገረመኝም። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ነጥቄ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። አላየሁትም። ለማየት ድፍረቱም አልነበረኝም። መልሱን ሳይፈረምበት ለእናቴ አደረስኩላት።

ዓርብ ከሰዓት ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ቅጹን ማሽኑ ላይ አስተኝታ ስካን ስታደርገው ኮምፒውተሩ ላይ ገዝፎ ወጣ። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ከአባቴ ፊርማ ሥር ያለውን፣ እየተንጋደደ የወረደ መስመር ጮክ ብላ አነበበችው።

"'ሳይነበብልኝ፣ ነገር ግን ተረድቼ ፈረምኩ።' ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ መሬት ብትውጠኝ የሚያሰኝ ነገር ያዘኝ። ሁለት ዓመት የማያይ መስሎኝ ሳነብለት የነበረው ሰው፣ እኔን ግን ከነተንኮሌ አጥርቶ አይቶኛል።

"ይላክ?" አለችኝ።

"እንዳትነኪው" ብያት ቅጹን ይዤ ወጣሁ።

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ፍርድ ቤት በር ሲያደርሰኝ አባቴ አንድ የመሬት ክርክር ያለባቸው ሽማግሌ ደንበኛ ፊቱ አስቀምጦ ነበር። እኔ ግን ወረፋ አልጠበቅሁም።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ከገጽ መሃል የሚፈረም መልስ በሠላሳ ዓመቴ አላጋጠመኝም" አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። "ደግሞ የኔ ወረቀት ሻካራ ነው፤ ያንችው የለሰለሰ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንችስ ሁለት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?"

ቅጹን አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት።

"ሰባት ነጥብ አስጻፍኩሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስምንተኛውን፣ ለኔ እያነበብሽ ቅሪ ማለቱን፣ አፌ እምቢ አለኝ። በይ ሂጂ ላኪው።"

ላለቅስ ትንሽ ሲቀረኝ ያ የማልወደው፣ ግን ደህና አድርጎ የሚያገለግለኝ እልኬ መጣ። "አልልከውም" አልኩ። "ዓይንህን ሐኪም ካላየው አልልከውም። እዚሁ ሆኜ ሳነብልህ አረጃለሁ።"

"ዓርብ ነው እኮ! ሊዘጋ ነው!"

"ሲፈልግ ይዘጋ።"

ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቃወመኝ የከረመው ሰው አሁን ላኪ እያለ ለመነኝ፤ እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ደንበኛ መሬታቸውን ረስተው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። በመጨረሻ አባቴ "ጻፊው" አለኝ። ከራሱ ሻካራ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ቤት እንደሚሄድ፣ "ምን ሆንኩና" የሚለውን ቃል ዳግመኛ እንደማይጠቀም። ከዚያ አነበብኩለት፤ ቀስ ብዬ፣ ከርዕሱ ጀምሬ። ቀጥዬም የሕግ ትምህርት ቤቱን ቅጽ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩለት። ውሉ ላይ ፈረመ። ሽማግሌው ለምስክርነት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበትና "ዱጋ ዳ" አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው።

ቅጹ ተላከ፤ ኢንተርኔት ቤቱም ማመልከቻውም ሊዘጉ ጥቂት ሲቀራቸው።

ቅዳሜ ማታ እናቴ ከገበያ ገብታ ችሎቷን ሰየመች። የአባቴን መልስ ገለበጠችው። "ይሄ ፊርማ የለውም" አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገር አውጣጣችን። ፍርዱ አጭር ነበር፦ ማመልከቻው ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ችሎት ሳይወስን በመሥራታችን ከሳሽም ተከሳሽም ለአንድ ወር ዕቃ ያጥባሉ። አባቴ ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ ፈጸመ። እኔ አራት ቀን አምልጫለሁ።

ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ። የአባቴም ዓይን ላይ የተገኘው ሞራ ነበር፤ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አንደኛው ዓይኑ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ፋሻው ሲነሳ እናቴ ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር፤ አያትና "አርጅተሻል" አላት፤ እሷም እጁን መታችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ያን ቅጽ አምጪው" አለኝ።

ዋናው ቅጂ እኔ ጋ ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንብቡልኝ ብሎ ለማንም ሳይሰጥ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሲጨርስ እስክሪብቶ ጠየቀ። "ሳይነበብልኝ፣ ነገር ግን" የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘና ከላዩ "አንብቤ" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ካልተፈረመበት ስለማይጸና፣ ከስርዙ ጎን ፈረመ። ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ፤ "አሁን ሂጂ" አለኝ።